ተደራሽ ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያግዙ መሣሪያዎች

ተደራሽ ድረ ገጽ የሚባለው ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ ማውስ መያዝ የማይችል ወይም ማንበብ የሚከብደው ሰው ራሱን ችሎ የሚጠቀምበት ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ለመሥራት የሚያግዙ መሣሪያዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ብዙዎቹም ነፃ ናቸው።

የሁሉም መነሻ ዊካግ የሚባለው መመሪያ ነው። የሚያወጣው የዌብ ደረጃዎችን የሚያዘጋጀው ደብልዩ ስሪ ሲ ነው። የመጀመሪያው እትም በ1999፣ ሁለተኛው በ2008፣ የአሁኑ 2.2 ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው መካከለኛው ነው። መመሪያው እንዲሁ ሲነበብ ከበድ ይላል፤ ለጀማሪ ድርጅቱ ስለ ፎርም፣ ስለ ሠንጠረዥና ስለ ምስል ያዘጋጃቸው አጫጭር ትምህርቶች ይሻላሉ።

ቶሎ ውጤት የሚታየው ቀለም ላይ ነው። ደብል ኤ በተራ ጽሑፍና ከኋላው ባለው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ኮዱ 767676 የሆነ ግራጫ ነጭ ላይ ሲጻፍ 4.54 ስለሚያመጣ ያልፋል። 777777 ግን 4.48 ላይ ይቀርና ይወድቃል። ሁለቱን በዓይን መለየት ዘበት ነው። ስለዚህ ግምት አያዋጣም፤ ዌብኤይም የተባለው የተደራሽነት ድርጅት ያዘጋጀው የቀለም መለኪያ ላይ ሁለቱን ኮዶች አስገብቶ ማየት ነው።

ይኸው ዌብኤይም ዌቭ የሚባል መፈተሻም አለው። የገጹን አድራሻ ሲሰጡት ስህተቱን እዚያው ቦታው ላይ ምልክት አድርጎ ያሳያል። ክሮም ውስጥ ያለው ላይትሀውስ ደግሞ አክስ በተባለው መፈተሻ ተጠቅሞ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ግን 100 አገኘሁ ብሎ መዝናናት አይገባም። ማሽኑ ምስሉ ማየት ለማይችል ሰው በኮዱ ውስጥ የተጻፈ መግለጫ እንዳለው ያውቃል እንጂ መግለጫው እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም። የድመት ፎቶ መግለጫ ላይ «ወንበር» ብለው ቢጽፉ ያሳልፈዋል።

ለዚህ ነው በእጅ መፈተሽ የማይቀረው። ማውሱን ወደ ጎን አድርጎ በታብ ቁልፍ ብቻ መሄድ ምንም ወጪ የለውም። የት እንዳሉ ይታያል? የተከፈተው መስኮት በኪቦርድ ይዘጋል? ፎርሙን ሞልቶ መላክስ ይቻላል? ብዙ ያማረ ገጽ እዚህ ጋ ጉዱ ይወጣል።

ቀጥሎ ስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም። ለዊንዶውስ ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል። በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊ ማይክል ኩራን ነው። አይፎንና ማክ ላይ ቮይስኦቨር፣ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ አብሮ ይመጣል። ስክሪኑን አጥፍቶ ማዳመጥ ነው። ስም ያልተሰጠው ቁልፍ «ቁልፍ» ብቻ ተብሎ ይነበባል። የምን ቁልፍ? ለመክፈል ይሁን ለመሰረዝ ሰሚው በምን ይወቅ!

አንድ መስመር ኮድ ጨምሩና ገጻችሁ ተደራሽ ይሆናል የሚሉ አገልግሎቶችም አሉ። እነዚህን አልመክርም። ብዙ ዓይነ ስውራን ከስክሪን ሪደራቸው ጋር እየተጋጨ እንደሚያስቸግራቸው በተደጋጋሚ ተናግረዋል። በዚያ ገንዘብ ስክሪን ሪደር በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ከፍሎ ገጹን ማስፈተሽ በብዙ ይሻላል።