ዲለሩን ልክሰስ ወይስ ልተው? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ በስህተት የሚታመኑ ነገሮች

ዩዝድ መኪና ገዝተው ሳምንት ሳይሞላው ትራንስሚሽኑ መንሸራተት ከጀመረ፣ ምክር ሰጪው ይበዛል። ከሚባለው ውስጥ አንዳንዱ ግን ክሱን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል።

«በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ መብቴ ነው።»
አይደለም። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ዲለሩ ግቢ ውስጥ ለተፈረመ ግዢ አይሠራም።

«አዝ ኢዝ ብዬ ስለፈረምኩ አለቀልኝ።»
«አዝ ኢዝ» ማለት «ባለበት ሁኔታ፣ ያለ ዋስትና» ማለት ነው። ብዙ ሰው መብቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የነበረውን ባየርስ ጋይድ፣ ማለትም መኪናው በዋስትና ወይም ያለ ዋስትና እንደሚሸጥ የሚገልጸውን ወረቀት፣ ያውጡ። ወረቀቱ የኮንትራቱ አካል ነው፤ ከኮንትራቱ ጋር ከተጋጨም የሚጸናው እሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር «አዝ ኢዝ» ብሎ መሸጥ የሚችለው መኪናው ከ6 ዓመት በላይ ሆኖት ከ60,000 ማይል በላይም ሲነዳ ነው። አሥር ዓመት የሆነው መኪና 45,000 ማይል ላይ ከሆነ ፊርማዎ ዲለሩን አያድነውም። ቨርጂኒያ ለዲለሩ ትመቻለች። እዚያም ቢሆን ዲለሩ በራሱ ስም፣ በሽያጩ ዕለት ወይም በ90 ቀን ውስጥ፣ ሰርቪስ ኮንትራት (በክፍያ የሚገዛ የጥገና ውል) ከሸጠልዎ ሕግ የሚሰጥዎትን ዋስትና መሰረዝ አይችልም።

«መካኒኬ ያውቃል፣ ይበቃል።»
በቃል የተነገረ አይበቃም። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የቪን ቁጥሩ (የመኪናው መለያ ቁጥር)፣ ማይሉ፣ ብልሽቱና የጥገናው ዋጋ ይስፈር። ከሁሉም በላይ ብልሽቱ ከሽያጩ በፊት የነበረ ለመሆኑ ምልክቱ ይጻፍ፦ የጠቆረ የትራንስሚሽን ዘይት፣ በቀለም የተሸፈነ አሮጌ ብየዳ። አስቀድሞ አስጠግኖ አሮጌውን ዕቃ የጣለ ሰው ማስረጃውን አብሮ ጥሏል።

«ክፍያ ባቆም ይደነግጣሉ።»
ዲለሩ ገንዘቡን ከአበዳሪው ከወሰደ ቆይቷል። መኪናው የሚጎተተው ከእርስዎ በር ላይ ነው፤ ክሬዲቱም የሚበላሸው የእርስዎ ነው። እየከፈሉ ይከራከሩ። ብድሩን ያመቻቸው ዲለሩ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮንትራቱ ላይ «ሆልደር» የሚል ማሳሰቢያ አለ። በእሱ መሠረት በዲለሩ ላይ ያለዎትን ጥያቄ ለአበዳሪውም ማቅረብ ይችላሉ፤ ከአበዳሪው የሚመለሰው ግን እስካሁን ከከፈሉት አይበልጥም።

«የጠበቃው ክፍያ ከጥገናው ይበልጣል።»
ጥያቄዎ እስከ 5,000 ዶላር ከሆነ በሁለቱም ስቴት በስሞል ክሌምስ፣ ማለትም በአነስተኛ የገንዘብ ክሶች ችሎት፣ ይታያል፤ በቨርጂኒያው ጠበቃ ወክሎ መከራከር አይፈቀድለትም። ኮንትራቱ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ (ክርክሩ ከፍርድ ቤት ውጭ እንዲታይ የሚያደርግ) እንዳለው ግን አስቀድመው ያንብቡ። ከዚያም የሚጠይቁትን ገንዘብ በቁጥር፣ የመልስ ቀኑን፣ ለምሳሌ 14 ቀን፣ ጽፈው ከመካኒኩ ወረቀት ኮፒ ጋር ለዲለሩ በሰርቲፋይድ ሜይል (ደረሰኝ ባለው ፖስታ) ይላኩ። ደረሰኙን ከባየርስ ጋይዱ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ።