የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተቋም፤ አጠቃላይ ዳሰሳ

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አን አርበር የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተቋም የሚገኘው እዚያ ነው። የተመሠረተው በ1941 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ተቋሙ ከሌላ አገር ለሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ስለ ቋንቋ ትምህርት ይመራመራል፣ ለረጅም ዘመን ደግሞ የቋንቋ ችሎታ ፈተና ያዘጋጅ ነበር።

ዛሬ ኢንቴንሲቭ እንግሊዝኛ የሚባለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ተማሪው ዋናውን የዲግሪ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት እንግሊዝኛን ብቻ ይማራል። ይህ አሠራር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መልኩን የያዘው አን አርበር ላይ ነው። ስለ ቶፍልና ስለ ቪዛ በአማርኛ ብዙ ይወራል፤ ብዙ ይጻፋልም። ስለዚህ ተቋም ግን አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ የሚነበብ ነገር ስለሌለ ነው ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው። በዘርፉ ላይ ካለው ውለታ አንጻር ሲታይ ከዚህም በላይ ይገባዋል።

ዩኒቨርሲቲው ተቋሙን በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያ ይለዋል። አባባሉ ትክክል ነው። ከዚያ በፊትም ስደተኞች በማታ ትምህርት ቤት፣ የውጭ ተማሪዎችም በየዩኒቨርሲቲው እንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። ማስተማርን፣ ምርምርን፣ መጽሐፍ ዝግጅትንና የመምህራን ሥልጠናን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ግን አልነበረም።

ቻርልስ ፍሪዝ

የተቋሙን ታሪክ ከመሥራቹ ለይቶ መጻፍ አይቻልም። ፕሮፌሰር ቻርልስ ካርፔንተር ፍሪዝ በ1887 በፔንስልቬንያ ተወለዱ። በመጀመሪያ በበክኔል ዩኒቨርሲቲ ግሪክኛ አስተማሩ። ከዚያ ወደ ሚሺጋን መጥተው በ1922 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ቀሩ። በ1939 የአሜሪካ የሥነ ልሳን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ፍሪዝን ከዘመናቸው የሰዋስው መምህራን የሚለያቸው አንድ ነገር ነው። ሰው እንዴት መናገር እንዳለበት ከመደንገግ ይልቅ በእውነት እንዴት እንደሚናገር ማጣራት ይወዱ ነበር። በ1940 ያሳተሙት የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሰዋስው መነሻው ተራ ሰዎች ለመንግሥት የጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው። የተማረውም ያልተማረውም ችግሩን ያመለከተባቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። ፍሪዝ ጸሐፊዎቹን በትምህርት ደረጃቸው መድበው ቋንቋቸው የት ላይ እንደሚለያይ አሳዩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ ንግግር ዞሩ። ወደ 50 ሰዓት የሚጠጋ የስልክ ንግግር ተቀዳ፤ ተገልብጦ ሲጻፍ 250 ሺህ ያህል ቃላት ሆነ። በ1952 የወጣው ስለ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አወቃቀር የጻፉት መጽሐፍ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ይህን ሁሉ በእጅ መለየት ቀላል ሥራ አልነበረም።

የ1941 ምክንያቶች

በዚያ ወቅት አውሮፓ ጦርነት ውስጥ ገብታለች። ለትምህርት ወደ ፓሪስና ወደ በርሊን ይሄድ የነበረው የላቲን አሜሪካ ወጣት መንገዱ ተዘጋበት። የአሜሪካ መንግሥትም ከደቡብ ጎረቤቶቹ ጋር ያለውን ወዳጅነት ማጠናከር ፈለገ። ስለዚህ ከስፓኒሽና ከፖርቱጊዝ ተናጋሪ አገሮች የሚመጡ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን በአጭር ጊዜ እንግሊዝኛ የሚያውቁበት መንገድ ያስፈልግ ነበር። ገንዘብ ካቀረቡት መካከል የሮክፌለር ፋውንዴሽን አንዱ ነው።

ተፎካካሪ ሐሳብም ነበር። ሃርቫርድ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሊቁ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ850 ቃላት ብቻ የተወሰነ ቤዚክ ኢንግሊሽ የሚባል እንግሊዝኛ እንዲስፋፋ ይሠሩ ነበር። ያው ፋውንዴሽን እሳቸውንም ደግፏል። ፍሪዝም በመጀመሪያ ጥቂት ቃል ይበቃል ባይ ናቸው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ለሪቻርድስ መነሻው የቃላት ምርጫ ነው። ፍሪዝ ግን ቃል በኋላም ይደርሳል፣ መጀመሪያ ድምፁና የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ከደም ይዋሃድ አሉ። የኋላው ዘመን ለማን እንደፈረደ ግልጽ ነው፤ ዛሬ በ850 ቃል የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ የለም።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረግ ነበር?

የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች የስምንት ሳምንት ነበሩ። ትምህርቱ በአፍ ይጀምራል። ማንበብና መጻፍ ይከተላሉ እንጂ አይቀድሙም። የድምፅ አወጣጥ፣ ሰዋስው፣ ቃላትና ልምምድ እየተፈራረቁ ይሰጣሉ። ድምፅና ቅላጼ ላይ የሠሩት ታዋቂው የሥነ ልሳን ሊቅ ኬነት ፓይክ ነበሩ። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ቅላጼ ከፍ ዝቅ ሲል በአራት እርከን ምልክት እየተደረገበት እንዴት እንደሚጻፍ ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

ከሁሉም የታወቀው ግን የሞዴል ዓረፍተ ነገር ልምምድ ነው። መምህሩ “ሂ ኢዝ ኤ ዶክተር” ይላል። ክፍሉ በሙሉ ይደግማል። ከዚያ መምህሩ “ቲቸር” ብቻ ይላል፤ ተማሪው “ሂ ኢዝ ኤ ቲቸር” ብሎ ይሞላል። “ሺ” ሲል ደግሞ “ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር” ይሆናል። ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ተማሪው ስለ ሕጉ ማሰቡን ትቶ ስለ ትርጉሙ ብቻ ማሰብ እስኪጀምር ድረስ ይቀጥላል። እዚህ አገር እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ ይህን ልምምድ ያውቀዋል። ከየት እንደመጣ ግን ብዙም አይነገርም።

የፍሪዝ ትልቁ ሐሳብ ሌላ ነው። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይሠራም አሉ። የሚማረው ቋንቋ በጥንቃቄ ይጠና፤ የተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋም እንዲሁ ይጠና፤ ሁለቱ ይነጻጸሩ፤ መጽሐፉ ከዚያ ይጻፍ። ለዚህ ነው የተቋሙ የመጀመሪያ መጻሕፍት ለላቲን አሜሪካ ተማሪዎች ተብለው የተዘጋጁት።

ይህን ወደ አማርኛ ብናመጣው ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። አማርኛ ተናጋሪ በግንና መርከብን በእንግሊዝኛ ሲጠራ ሁለቱም “ሺፕ” ይሆኑበታል፤ ምክንያቱም በሁለቱ አናባቢዎች መካከል ያለው ልዩነት በቋንቋው የለም። በእንግሊዝኛ “th” ተብሎ የሚጻፈው፣ ምላስን ጥርስ ላይ አድርጎ የሚወጣው ድምፅም የለም፤ ስለዚህ አንዱ ወደ “ዝ”፣ ሌላው ወደ “ስ” ወይም ወደ “ት” ይሸሻል። ስፓኒሽ ተናጋሪውም በአናባቢዎቹ ይቸገራል። ግሡን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ማድረስ የለመደው ግን የእኛው ተማሪ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ልምምድ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው። ይህ ሐሳብ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ለአማርኛ ተናጋሪ በሚገባ አልተሠራበትም።

ስለ ስያሜው ክርክር

ብዙ መጻሕፍት የሚሺጋንን ዘዴ “ኦዲዮሊንጓል” ከሚባለው፣ በመስማትና በመድገም ከሚያስተምረው ዘዴ ጋር አንድ አድርገው ያቀርቡታል። ከዚያም በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን ቋንቋ ካስተማረበት ዘዴ ጋር ይደባልቁታል። ሁለቱ በጊዜም በሰዎችም ይቀራረባሉ፤ የተወራረሱትም ነገር ሳይኖር አይቀርም። ፍሪዝ ራሳቸው ግን የእሳቸውን “የቃል አቀራረብ” ነበር የሚሉት። ተማሪውን እንደ በቀቀን ያስደግማል የሚለው ወቀሳ በእሳቸው ላይ ሲሰነዘር ፍርደ ገምድልነት ነው። ትርጉምና አገባብ የሌለው ድግግሞሽ እንደማይጠቅም ደጋግመው ጽፈዋል። በኋላ የመጡት መምህራን ልምምዱን ይዘው ማነጻጸሩን ጣሉት፤ ለተሰላቸው ክፍል ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው።

ላዶ፣ ፈተናና ጆርጅታውን

ሮበርት ላዶ በ1915 ፍሎሪዳ ውስጥ ከስፔናውያን ወላጆች ተወለዱ። የፍሪዝ ተማሪ፣ ከዚያ ባልደረባ፣ በኋላም በተቋሙ ዳይሬክተርነት ተተኪ ሆኑ። የሁለት ቋንቋዎችን ንጽጽር በ1957 በመጽሐፍ ሥርዓት ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሥራቸው ፈተና ነው። የውጭ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው ወይ? ይህ ጥያቄ ቀድሞ በደብዳቤና በግምት ነበር የሚመለሰው። ላዶ ድምፅን፣ ሰዋስውንና ቃላትን በየፊናቸው የሚለኩ፣ ማንም ቢያርማቸው አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጡ የምርጫ ጥያቄዎችን አዘጋጁ። ቶፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1964 ነው። የቀድሞው ቶፍል አከፋፈል ከላዶ አስተሳሰብ ጋር ያለው ዝምድና ጎልቶ ይታያል።

ተቋሙ በ1948 ስለ ቋንቋ ትምህርት ለሚደረግ ምርምር የሚሆን መጽሔት መታተም ሲጀምርም መነሻው ነበር። መጽሔቱ ዛሬም በዘርፉ ከሚከበሩት አንዱ ነው። በ1953 ደግሞ በሌሎች አገሮች የሚሰጥ የከፍተኛ እንግሊዝኛ የምስክር ወረቀት ፈተና ተጀመረ። ፈተናው በተለይ ግሪክ ውስጥ በጣም ታዋቂ ሆነ።

ላዶ በ1960 ወደ ዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ለኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ የሚጠቀስ ነገር አለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጆን ኬኔዲ ወጣት አሜሪካውያንን በበጎ ፈቃድ ወደ ሌሎች አገሮች የሚልከውን የሰላም ጓድን ሐሳብ ለተማሪዎች የተናገሩት አን አርበር፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደረጃዎች ላይ ቆመው ነው። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከ270 በላይ የሰላም ጓድ መምህራን ደግሞ የሠለጠኑት በጆርጅታውን ነው። ወላጆቻችንና አያቶቻችን በየክፍለ ሀገሩ የተማሩት ከእነዚህ ወጣቶች ነበር።

ፍሪዝ በ1967 አረፉ። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዓመታት ቋንቋ በድግግሞሽ የሚያዝ ልማድ አይደለም የሚለው የሥነ ልሳን ሊቁ የኖአም ቾምስኪ ሐሳብ የገነነበትና የልምምድ ትምህርት የተተቸበት ጊዜ ነበሩ።

ከአን አርበር ውጭ

በዚህ መሀል አሠራሩ በመላ አሜሪካ ተስፋፋ። በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉ ፕሮግራሞች በ1967 የጋራ ማኅበር መሠረቱ። የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በእንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም ሲማር በሳምንት ቢያንስ 18 ሰዓት ክፍል መግባት አለበት። በ2010 መጨረሻ የወጣ ሕግ ደግሞ ፕሮግራሞቹ በሚገባ ተገምግመው ዕውቅና እንዲያገኙ አስገደደ።

የተማሪው ቁጥር ሁልጊዜም በመንግሥታት ስኮላርሺፕ ይወጣል፤ ይወርዳል። በ1970ዎቹ ኢራንና ቬኔዝዌላ፣ ከ2005 በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከ2011 በኋላ ብራዚል ክፍሎቹን ሞሉ። በ2015 በአሜሪካ ኢንቴንሲቭ እንግሊዝኛ የሚማሩት ከ133 ሺህ በላይ ነበሩ። ሳዑዲ ስኮላርሺፑን ስታጠብ ቁጥሩ በፍጥነት ወረደ፤ በኮሮና ጊዜ ደግሞ ብዙ ፕሮግራሞች ተዘጉ።

ጆን ስዌልስ

የተቋሙ ሁለተኛ ታላቅ ዘመን ከ1985 እስከ 2001 ያለው ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ጆን ስዌልስ ነበሩ። ወደ ሚሺጋን ከመምጣታቸው በፊት በሊቢያ፣ ከዚያም ከ1973 እስከ 1978 በጎረቤታችን በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። የሳይንስና የሕግ ተማሪ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ የቡና ላይ ጨዋታ እንዳልሆነ የተረዱት እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስዌልስ 48 የምርምር ጽሑፎች እንዴት እንደሚጀምሩ መረመሩ። ከዚያም አንድ ሥርዓት አወጡ። ጸሐፊው በመጀመሪያ የጉዳዩን አስፈላጊነትና እስካሁን የተሠራውን ያሳያል። ቀጥሎ የቀረውን ክፍተት ያመለክታል። በመጨረሻ ክፍተቱን እኔ እሞላለሁ ይላል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ላይ የማስተርስ ተማሪ “ጋፑ የታለ?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ከክሪስቲን ፊክ ጋር በ1994 ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያወጡት የጽሑፍ መማሪያም በብዙ አገር ይሠራበታል።

በስዌልስ ጊዜ የተቋሙ ትኩረት ዲግሪ ወደጀመሩ ተማሪዎች ዞረ። ጽሑፍ፣ ሴሚናር፣ ማስተማሪያ ረዳት ሆኖ ክፍል ፊት መቆም ዋና ሥራ ሆኑ። ለኢትዮጵያ ተማሪ የሚጠቅመው በተለይ ይሄኛው ነው። የእኛ ተማሪ ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚማር የመጀመሪያ ደረጃ ልምምድ ብዙም አይጎድለውም። የሚቸገረው ሐሳቡን በምርምር ጽሑፍ ሥርዓት ማስቀመጥና በሴሚናር ላይ ቶሎ ገብቶ መናገር ላይ ነው።

ከ2002 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ዳያን ላርሰን-ፍሪማን ተቋሙን መርተዋል። በ2010 የፈተናው ሥራ ከካምብሪጅ ጋር በተደረገ ጥምረት ራሱን ወደቻለ ድርጅት ተዛወረ።

ከተቋሙ ሥራዎች ዛሬ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችለው የሚሺጋን የአካዳሚክ ንግግር ኮርፐስ፣ ማለትም ለጥናት የተሰበሰበ የንግግር ክምችት ነው። ከ1997 ጀምሮ በግቢው የተቀዱ 152 ንግግሮች፣ በጠቅላላው 1.8 ሚሊዮን ያህል ቃላት ተገልብጠው በኢንተርኔት ተቀምጠዋል። ሌክቸር አለ፤ ተማሪ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄዶ የሚያማክርበት አለ፤ የጥናት ቡድን፣ የዶክትሬት መከላከያ፣ የግቢ ጉብኝት ሳይቀር አለ። ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው አንድ ቃል ወይም ሐረግ ጽፎ ይፈልጋል፤ ፕሮፌሰሩ እንዴት እንዳለው፣ ተማሪው እንዴት እንደመለሰ ከነመንተባተቡ ያነበዋል።