ያረጀ ሚኒባስ ሲንቀጠቀጥና ነዳጅ ሲሰጡት ሲንገጫገጭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ያረጀ ዶልፊን ያለው ሰው ይሄን ነገር በደንብ ያውቀዋል፣ መኪናው ቆሞ ሰላም ነው፣ ከተማ ውስጥም ሰላም ነው፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ወለሉ መርገፍገፍ ይጀምራል፣ ኩባያው ይንቀጫቀጫል፣ ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል። የኔው ባለ 5ኤል ሞተር ነው፣ የቶዮታ 3 ሊትር ናፍጣ፣ አየር ገፍቶ ሚያስገባለት ተርቦ የሌለው። የኋላውን ወንበር አውጥተን አልጋና ትንሽ ማብሰያ አስገብተንበታል፣ ምክንያቱም ቡና ሲለቀም ከጥቅምት እስከ ጥር አጋሮና ሊሙ እየዞርን እዛው እናድራለን፣ ፈረንጆቹ ሞተርሆም ሚሉት አይነት ማለት ነው። ባለፈው ክረምት መንቀጥቀጥ ጀመረና ሦስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስቱም የተለያየ መልስ ሰጡኝ፣ ሦስቱም እርግጠኛ ነበሩ። እነዛን መልሶች ዛሬም ሰው ለሰው ሲነግር ስለምሰማ ነው ይሄን ምጽፈው፣ ብዙ ሰው በማያስፈልግ ዕቃ ገንዘቡን እየጨረሰ ነው።

«መኪናው አርጅቷል፣ ያረጀ መኪና መንቀጥቀጡ አይቀርም»

ይቀራል እንጂ። ዕድሜ ብቻውን መኪና አያንቀጠቅጥም፣ የሆነ ዕቃ ላልቶ ነው ወይ ተበልቶ ነው ወይ ቦታውን ለቆ ነው። ዋናው ነገር ዕቃ ከመግዛት በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ መንቀጥቀጡ ሚከተለው የመኪናውን ፍጥነት ነው ወይስ የሞተሩን ዙር?

ይሄን ለማወቅ ሜዳና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ፣ እኔ ከአሰንዳቦ ወደ ሰርቦ ሲመጡ ያለውን ሜዳ ነው ምጠቀመው። ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ፣ መንቀጥቀጡ ሚመጣበት ፍጥነት ላይ ስትደርሱ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይውረድ። መኪናው እየሄደ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ጥፋቱ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) በኋላ ነው፣ ማለትም ትራንስሚሽን (ከካምቢዮ ዙሩን ወደ ኋላ ሚያደርሰው ረጅም ዘንግ)፣ ጎማ፣ ቸርኬ። ወዲያው ከቆመ ደግሞ ወይ ሞተሩ ነው ወይ ጉልበት ሲያልፍበት ብቻ ሚያስቸግር ክሮቼራ (ትራንስሚሽኑ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል መሳይ መገጣጠሚያ) ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት መኪናውን አቁማችሁ፣ ማርሽ ሳታስገቡ፣ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ ወደዛው ዙር አምጡት። ቆሞም ከተንቀጠቀጠ ሞተር ነው። ቆሞ ደህና ከሆነ ከሞተሩ ኋላ ያለውን መጠርጠር ነው፣ ወይ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ብቻ ነዳጅ ሚያጥረው ሞተር ሊሆን ይችላል፣ እሱን ታች እመጣበታለሁ። ይሄ ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም። የአዲስ አበባው መንገድ ላይ ባለው ጊቤ ቁልቁለት ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት፣ እዛ መኪናውን ይዞት ሚወርደው ሞተሩ ነው፣ ፍሪሲዮን ረገጣችሁ ማለት ሸክሙን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ጣላችሁት ማለት ነው።

«ከተንቀጠቀጠ ባላንስ ነው፣ ጎሚስታ ጋ ውሰደው»

ባላንስ ማለት የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ማድረግ ነው። አንዳንዴ ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ሂሳቡን እዩት። የ195 አር 14 ጎማ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ከትንሽ ይሄዳል፣ በሰዓት 80 ስትነዱ መኪናው በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፣ ስለዚ ጎማው በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ትራንስሚሽኑ ግን ጎማው አንዴ ሲዞር እሱ 4 ጊዜ ያህል ስለሚዞር በሰከንድ 40 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ በሰውነታችሁ ይታወቃል፣ የጎማው ዝግ ያለ ነው፣ መሪው እጃችሁ ላይ ይወዛወዛል፣ ወንበሩ ከፍ ዝቅ ያደርጋችኋል፣ የትራንስሚሽኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ እግራችሁ ስር ወለሉ ይነዝራል፣ መስታወት ውስጥ ከኋላ ያለው መኪና ይደበዝዛል። ሌላው ደግሞ የጎማ ችግር ነዳጅ ብትሰጡም ባትሰጡም አለ። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ መጥቶ እግራችሁን ስታነሱ ሚጠፋ መንቀጥቀጥ በባላንስ አይድንም።

ጎማ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ከመኪናው ስር ገብታችሁ የቸርኬውን የውስጥ ገጽ እዩ። የኛ አገር ቀይ ጭቃ ክረምት ላይ እዛ ይለጠፍና ፀሐይ ሲመታው እንደ ሸክላ ይደርቃል፣ በአንድ ጎን ብቻ ጭብጥ ሚያህል ከያዘ ጎማውን ያዛባዋል። በውሃና በእንጨት አስለቅቁት፣ ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ተገላግሏል። ከዛ ጎማውን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ያበጠ ወይ የሞገደ ቦታ ካለ ውስጡ ያለው ሽቦ ለቋል፣ ባላንስ አያድነውም፣ መንገድ ላይ ሚፈነዳ ጎማ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ DOT ብሎ ሚጀምረውን ጽሑፍ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች አንብቡ፣ 2316 ካለ በፈረንጅ 2016 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ ጎማው አዲስ ነው ማለት አይደለም፣ ይሄን በተለይ ያገለገለ ጎማ ምትገዙ ሰዎች ልብ በሉት።

«ናፍጣ መኪና ከተንገጫገጨ ፖምፓው ነው፣ ወይ ኖዝሉ»

እኔን ያስከፈለኝ ይሄኛው ነው። ናፍጣውን ሚገፋው ፖምፓ ወርዶ ተስተካከለ፣ ሲሊንደር ውስጥ ሚረጨው ኖዝል አራቱም ተቀየረ፣ የአንድ የቡና ወቅት ትርፍ እዛ ላይ ሄደ፣ ከዛ ከአዲስ አበባ ስመለስ ጊቤን ተሻግሬ ወደ አበልቲ መውጣት ስጀምር ያው መንቀጥቀጥ እንደነበረ መጣ። አጠገቤ የነበረችው ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ እጄን ብቻ ያዘችኝ።

እውነታው እንዲህ ነው። ጭነት ላይ ብቻ ሚያጥረው ሞተር ብዙ ጊዜ ፖምፓው አይደለም የታመመው፣ ነዳጁ በበቂ ሁኔታ አይደርሰውም። መጀመሪያ ሚታየው ፊልትሮው (የነዳጅ ማጣሪያው) ነው። የ5ኤል ፊልትሮ አናቱ ላይ የእጅ ፖምፓ አለችው፣ ስሩ ደግሞ ውሃ ማፍሰሻ። ማፍሰሻውን ላላ አድርጋችሁ በብርጭቆ ተቀበሉት፣ ውሃ ካለ ከናፍጣው ስር ለብቻው ይቀመጣል፣ በዓይን ይታያል። በተለይ ነዳጅ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛችሁ ሰሞን ይሄን ሳታዩ ምንም እንዳታስፈቱ። ከዛ የእጅ ፖምፓዋን ጫን ጫን አድርጓት፣ ጥቂት ተጭና መጠንከር አለባት፣ እየተጫነች እየለሰለሰች ምትቀጥል ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ወደ ፖምፓው ናፍጣ ሚያስገባው የጎማ ቱቦ ላይ ለጊዜው በውስጡ ሚያሳይ ቱቦ ብታስገጥሙ አረፋው ሲያልፍ በግልጽ ታዩታላችሁ፣ መንስኤውም ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይ የላላ ማሰሪያ ነው። ይሄ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ነው ስለ ኖዝል ሚወራው።

«ክሮቼራው ግሪስ ካገኘ ይበቃዋል»

የኔን ያገኘልኝ እዚሁ ጅማ ያለ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ሞተሩን አላስነሳም፣ ኮፈኑንም አልከፈተም፣ ጎማውን በድንጋይ አስያዘ፣ ማርሹን ዜሮ አደረገ፣ ካርቶን አንጥፎ ስር ገባና ትራንስሚሽኑን በሁለት እጁ ይዞ ወዲህና ወዲያ ጠመዘዘው። ቀጭ፣ ቀጭ። ከዛ «ና ልጄ እየው» ብሎ በባትሪ አበራልኝ፣ የክሮቼራው ቆብ ዙሪያ እንደ በርበሬ ያለ ቀይ ዱቄት ነበር። እሱ ዝገት ነው፣ ውስጡ ያሉት መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎች ግሪሳቸው አልቆ ራሳቸው እየተፈጩ ነበር። «ሞተርህ አልታመመም» አለኝ። ያቺን ቃል መቼም አልረሳትም።

ግሪስ ገና ላልተበላ ክሮቼራ ነው። አንዴ መጫወት ከጀመረ በግሪስ አይመለስም፣ ድምፁን ለሳምንት ያፍነው ይሆናል፣ በቃ ከዛ አያልፍም። አደጋውም ቀላል አይደለም፣ ከፊት በኩል ያለው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ትራንስሚሽኑ ወርዶ አስፋልቱን ሊወጋ ይችላል፣ ያኔ መኪናው መሪ አይሰማም። ሰው አሳፍራችሁ ምትሄዱ ወንድሞቼ እባካችሁ ይሄን አታሳድሩት።

ሌላ ነገርም አገኘ። ከዛ በፊት ካምቢዮ ለማውረድ ትራንስሚሽኑን የፈታው ጋራዥ መልሶ ሲገጥመው ጥርሱን አንሸራቶታል። የትራንስሚሽኑ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መተያየት አለባቸው፣ ምክንያቱም አንዱ ክሮቼራ በዙር ውስጥ ሚፈጥረውን መፍጠንና መዘግየት ሌላኛው ነው ሚያጠፋው፣ መስመሩ ከተዛባ ግን ይደማመራል። አዲስ ክሮቼራ ገብቶም መንቀጥቀጡ ማይለቀው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከመፍታት በፊት ሁለቱ ዕቃ ሚገናኙበት ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ማስመር፣ ሲገጠም መስመሩ ይግጠም። መካኒኩ ካላሰመረ እናንተ አስምሩ፣ አይከፋውም። ረጅም መኪና ላይ ትራንስሚሽኑ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ደግሞ መሀል ላይ ሚይዘውን ኩሽኔታና የኩሽኔታውን ጎማ አብራችሁ እዩ።

ስለ ጭነትም ልጨምር። ባሌስትራው (የኋላውን ሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) የተኛ መኪና ላይ አልጋና ዕቃ ጭናችሁ፣ ከዛ 60 ኪሎ የሆነ የቡና ኬሻ ከኋላ ስትደራርቡ የዲፍሬንሻሉ (ኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለው) አንግል ይቀየራል፣ ክሮቼራው ያለ አቅሙ ይታጠፋል። ባዶውን ደህና ሆኖ ሲጫን ብቻ ሚነዝር ከሆነ ባሌስትራውን እዩት።

«ጅማ ደጋ ስለሆነች ነው፣ አየሩ ሞተሩን አደከመው»

ጅማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከጉልበቱ 15 ከመቶ ያህል ያጣል፣ እውነት ነው። ግን ጉልበት ማጣትና መንቀጥቀጥ የተለያየ ነገር ነው፣ ቀጭን አየር አራቱንም ሲሊንደር እኩል ነው ሚያደክመው። ደግሞ የጊቤ ወንዝ ድልድይ ከጅማ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩ እዛ የበለጠ ወፍራም ነው፣ መኪናችሁ ግን ሚንቀጠቀጠው ልክ ከዛ ሲነሳ ነው። ይልቅ ማርሹን እዩ፣ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ ሞተሩን ሚያስጨንቅ ሰው ብዙ ነው፣ ዙሩ ወርዶ ነዳጅ ሲበዛበት ጤነኛ ሞተርም ይንገጫገጫል። ወደ 3ኛ አውርዱት፣ ከጠፋ በሽታ አልነበረም።

«ቤንዚን ከሆነ ካንዴላ ቀይር»

ቤንዚኑን ሚያቀጣጥለው ካንዴላ መቀየር ሳይሆን መጀመሪያ መነበብ ነው ያለበት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ነጭ ከሆነ አንሶታል ወይ ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ዘይት ካለው ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ችግሩ ያ ሲሊንደር ጋ ነው። በዝናብ ሰሞን ብቻ ሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ ማታ ጨለማ ቦታ ሞተሩን አስነስታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የካንዴላው ገመድ ከተሰነጠቀ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ታያላችሁ። በእጅ ግን አትንኩት።

«ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ሚኒሞውን ከፍ አድርገው»

ይሄ መደበቅ ነው። አንድ ሲሊንደር ካልሠራ ወይ የሞተሩ ሱፖርቶ (ሞተሩ ሚቀመጥበት ባለ ጎማ መያዣ) ከተቀደደ ዙሩ ሲጨምር መንቀጥቀጡ ይሸሸጋል፣ ነዳጁ ግን ያልቃል፣ ሱፖርቶውም መቀደዱን ይቀጥላል። ሱፖርቶውን ለማየት ሁለት ሰው ይበቃል፣ አንዱ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ይዞ 1ኛ ያስገባና ፍሪሲዮኑን መያዝ እስኪጀምር ድረስ ብቻ በትንሹ ይልቀቅ፣ ሌላው ከጎን ቆሞ ሞተሩን ይመልከት፣ ከመኪናው ፊት ግን ማንም አይቁም። ከዛ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ያንኑ ይድገም። ሞተሩ በትንሹ ዘንበል ቢል ችግር የለውም፣ ከቦታው ተነስቶ ከተመለሰ የሱፖርቶው ጎማ ከብረቱ ለቋል። የኔ የግራው ለቆ ነበር፣ ከክሮቼራው ጋር አብሬ አስቀየርኩት፣ አሁን ጊቤን ስወጣ ኩባያው ዝም ብሎ ይቀመጣል።