ነዓል የሌለው ፈረስ የተበላሸ ኮቴ በክርከማ የሚያገግምበት አሠራር

የኮቴ ክርከማ ነዓል (ኮቴ ላይ የሚመታ የብረት ጫማ) ያልተመታለት ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ከልክ በላይ ያደገ፣ የተሰነጠቀ ወይም ቅርጹ የተዛባ ኮቴ በጉጠት፣ በቢላና በሞረድ እየተስተካከለ ወደ ጤናማ ይዞታው የሚመለስበት የእንክብካቤ ዘዴ ነው። በድሬዳዋና በሐረር ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከተው የጋሪ ፈረሶችንና የጭነት አህዮችን ነው፤ ባጃጅ ሰው የማመላለሱን ሥራ ከጋሪ ቢነጥቅም በጋማ ከብት ኑሮውን የሚገፋ ሰው ዛሬም አለ።

የኮቴው ግድግዳ እንደ ጥፍር ከላይ፣ ከጠጉሩ ወሰን እየበቀለ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ያድጋል። በዚህ ፍጥነት በፊት በኩል ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ9 እስከ 12 ወር ይወስድበታል፤ ተረከዙ አጭር በመሆኑ ቀድሞ ይታደሳል። ጫፉ ወደ ፊት ሲረዝም ፈረሱ በተራመደ ቁጥር መሬቱ ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፋ ከውስጡ አጥንት ጋር ያያያዙትን ስስ ሽፋኖች ይበጥሳል፣ በተፈጠረው ክፍተትም አፈርና ጀርም ይገባል። አንዴ የተላቀቀ ግድግዳ ተመልሶ አይጣበቅም። ክርከማው የሚያደርገው ጎታቹን ጫና ማስወገድ ብቻ ሲሆን፣ ፈውሱ የሚመጣው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ከላይ ከሚወርደው አዲስ ግድግዳ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮቴውን ከጎን ለተመለከተ ሰው፣ ከጠጉሩ ሥር ያለው አዲስ እድገት ቀጥ ብሎ፣ ከሱ በታች ያለው አሮጌው ግድግዳ ግን ወደ ውጭ ተንጋዶ ይታያል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በየወሩ ዝቅ ካለ ሥራው በትክክል እየሄደ ነው።

ክርከማው የሚጀመረው እግሩን አንስቶ ከኮቴው ሥር ያለውን ፋንድያና ጠጠር ጠርጎ በማውጣት ነው። በተረከዙ መካከል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ከጠቆረ፣ ከራሰና ከሸተተ በስብሷልና የሞተው ሥጋ ይነሣል፣ ማደሪያውም እንዲደርቅ ይደረጋል። ከዚያ ከልክ በላይ ያደገው ግድግዳ በጉጠት ይቆረጣል፣ ጠርዙም እንዳይሰነጠቅ በሞረድ ይድበሰበሳል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፦ ኮቴው ጽድት ብሎ እንዲታይ ሲል መርገጫውን፣ ማለትም በግድግዳው የተከበበውን የኮቴ የታች ገጽ፣ በቢላ ይፍቀዋል፣ ፈረሱም በማግስቱ ጠጠር መርገጥ ያቅተዋል። መርገጫው በተቻለ መጠን ሊነካ አይገባም፤ ከልክ በላይ የረዘመ ኮቴም ጅማቱ እንዳይጎዳ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም።

የአየር ጠባዩም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ድሬዳዋ ሞቃትና ደረቅ በመሆኗ ኮቴ ይጠነክራል፣ ቢላም አልቀመስ ይላል፤ እግሩን ቀደም ብሎ ውኃ ውስጥ ማቆም ሥራውን ያቀልላል። ከፍ ባለችውና ቀዝቀዝ ባለችው ሐረር ደግሞ በዝናብ ወራት በረጠበ ጋጣ የሚያድር እንስሳ ለብስባሽ ይጋለጣል። የጀጎል መንገዶች ድንጋይም ሆነ የድሬዳዋ አስፋልት ኮቴን ይሞርዳል፣ ነገር ግን አረጋገጡ የተዛባ እንስሳ አንዱን ጎን ብቻ ስለሚጨርስ መንገድ ክርከማን አይተካም።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው ዕረፍቱ ነው። የዕለት ገቢው በፈረሱ ላይ የተመሠረተ ባለጋሪ ለወራት ሥራ እንዲያቆም መምከር ከንቱ ነው፤ የሚቻለው ጭነቱን መቀነስና ከጠጠር ይልቅ በአሸዋማ መንገድ መንዳት ነው። ሆኖም ኮቴው የሚያቃጥል፣ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ የሚጥል ፈረስ መነዳት የለበትም። ይህ ብዙ ጊዜ እህል ከልክ በላይ ከመመገብ የሚመጣ የኮቴ ውስጥ ብግነት ምልክት ነው፤ ስለዚህ ሞረድ ከመነሣቱ በፊት እህሉ ተቋርጦ እንስሳው በእንስሳት ሐኪም መታየት ይኖርበታል።