የሣር ብናኝና የአፍንጫ አለርጂ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ክረምቱ ወጥቶ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ሲያብብ፣ በየዓመቱ የሚያስነጥሰው ሰው ጥፋቱን በአደይ አበባ ላይ ያሳብባል። አደይን የሚያዳቅሏት ግን ንብና ሌሎች ነፍሳት ናቸው፤ ብናኟ፣ ማለትም የአበባዋ ዱቄት፣ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ ነፋስ እምብዛም አይሸከመውም። አፍንጫን የሚያስቸግረው ማንም ልብ የማይለው የሣር አበባ ነው። ያበበ የሣር ዘለላ በጣት መታ ቢደረግ ቀለል ያለ ቢጫ ጢስ ያራግፋል፤ የአንዷ ቅንጣት ስፋት በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። ጽድም ብናኙን የሚልከው በነፋስ ነው።

የብናኝ መጠን የሚነገረው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ባለው የቅንጣት ብዛት ነው። የተለመደው መሣሪያ በደቂቃ 10 ሊትር አየር እየሳበ ብናኙን በሚያጣብቅ ላስቲክ ላይ ያስቀራል፤ ቆጠራው በማይክሮስኮፕ ነው። የሣር ብናኝ 50 ሲደርስ አለርጂው ያለበት አብዛኛው ሰው ይታመማል ይባላል። ይህን ቁጥር እንደ ቁርጥ ድንበር መያዝ ግን ያሳስታል። ሰሞኑን በብናኝ ደጋግሞ የተቆጣ አፍንጫ፣ ወቅቱ ሲያልቅ አየሩ ቢጠራም በጥቂት ቅንጣት ይነሳበታል። ጠዋት የተማገው ብናኝም ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ አፍንጫ ሊያፍን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሕመምተኛው ያመመኝ የማታው ብርድ ነው ይላል። ዝናብ አየሩን ያጥባል፤ ነጎድጓድ ያለበት ዶፍ ግን ቅንጣቱን ሰባብሮ እስከ ሳንባ የሚዘልቅ ስለሚያደርገው አስም ላለበት አደገኛ ነው።

ድርቆሽ ሲታጨድና ሲከመር ጣጣው ይለወጣል። ሣሩ አብቦ ጨርሷል፤ የሚበነው በአብዛኛው አቧራና ሻጋታ ነው። ክምር የሚያገላብጥ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ቤት ሲገባ ልብሱን ለውጦ ፊቱንና ፀጉሩን ይታጠብ።

ጉንፋን በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ይሻላል፤ አለርጂ ትኩሳት የለውም፣ ዓይንና ላንቃ ያሳክካል። ለአፍንጫ ማጠቢያ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ይበቃል። ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ስፕሬይ (የአፍንጫን ቁጣ የሚያበርድ፣ ወደ አፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት) ሙሉ ጉልበቱን እስኪያሳይ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ሣሩ ሳያብብ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጀመር ይሻላል። ሲነፋ ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል ይዙር፤ ወደ መሃሉ ግድግዳ ከተነፋ አፍንጫ ሊያደማ ይችላል።