የአትዋተር ፕሬሪ ዶሮ፦ ሜዳዋን የተነጠቀች ወፍ

የአትዋተር ፕሬሪ ዶሮ የቴክሳስ ባሕር ዳር ሜዳ ወፍ ናት። ቡናማና ነጣ ያለ ዥንጉርጉር ላባ አላት፣ ኑሮዋም እንደ ቆቅ መሬት ላይ ነው። የትልቋ ፕሬሪ ዶሮ ንዑስ ዝርያ ስትሆን፣ ሂዝ ሄን የተባለችው የምሥራቅ ዘመዷ እ.ኤ.አ. በ1932 ለመጨረሻ ጊዜ ታይታ እስከ ወዲያኛው ጠፍታለች።

ድሮ ከደቡብ ምዕራብ ሉዊዚያና እስከ ደቡብ ቴክሳስ 2.4 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሣር ነበር። እስከ 1 ሚሊዮን ወፍ ይኖርበት እንደነበር ይገመታል። በ1919 ሉዊዚያና ውስጥ አልቃለች። በ1937 ቴክሳስ ውስጥ የቀሩት 8,700 ገደማ ነበሩ፤ አደን የተከለከለውም ያኔ ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን አዳኝ ላይ ይጥላል። አደኑ ጎድቷታል፣ ግን ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላም ቁጥሯ መውረዱን አልተወም። ዋናው ነገር መሬቱ ነው። ሜዳው ለሩዝ ታረሰ፣ ሂዩስተንና ሌሎች ከተሞች ተስፋፉበት፣ ሣሩን ሲያድስ የኖረው እሳት ሲከለከል ደግሞ ቁጥቋጦ ወረረው። ዛሬ ከድሮው ሜዳ የቀረው 1 በመቶ አይሞላም።

የወፏን ፍላጎት ለመረዳት በጸደይ ማለዳ ወንዶቹን ማየት ነው። ሣሩ አጠር ያለበት ቦታ ይሰበሰባሉ። የአንገታቸውን ላባ ቀንድ አስመስለው ያቆማሉ፣ ብርቱካናማውን የአንገት ከረጢት ይነፋሉ፣ መሬቱን በእግራቸው ይደበድባሉ፣ ከሩቅ የሚሰማ ወፍራም ድምፅም ያወጣሉ። ሴቶቹ ወንድ መርጠው ከተገናኙ በኋላ ወደ ረጅሙ ሣር ገብተው ይጥላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 እንቁላል ገደማ። አጭሩም ረጅሙም ሣር ጎን ለጎን ካልተገኘ አይሆንላትም፤ ትንሽ ቁራሽ መሬት ማጠር ብቻ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

በ1967 ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ ገባች። በስሟ የተሰየመው ብሔራዊ መጠለያ በ1972 ኢግል ሌክ በተባለች የቴክሳስ ከተማ አጠገብ ተቋቋመ። ዛሬ ከ4,000 ሄክታር በላይ ይዟል፣ ሠራተኞቹም ሣሩን በእቅድ እያቃጠሉና ከብት እያሰማሩ ይንከባከቡታል። ያለዚህ ትጋት ወፏ ዛሬ አትኖርም ነበር።

የማራባቱ ሥራ በ1992 በፎሲል ሪም የዱር እንስሳት ማዕከል ተጀመረ። ቀድሞ ባይጀመር ኖሮ አልቆላት ነበር፣ ምክንያቱም በ1996 ዱር ውስጥ የቀሩት 42 ብቻ ነበሩ። የሂዩስተን መካነ እንስሳት ደግሞ በናሳ ጆንሰን የጠፈር ማዕከል ግቢ ውስጥ ያራባቸዋል። ለመልቀቅ የደረሱት ወፎች የሬዲዮ ማሰሪያ ይደረግላቸውና ሜዳው ላይ ባለ አጥር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ይለማመዳሉ፤ ከዚያ በሩ ይከፈታል።

የተለቀቁት ይጥላሉ፣ ይፈለፍላሉም። የሚያልቁት ጫጩቶቹ ናቸው። ለዓመታት ግራ ያጋባ ጉዳይ ነበር። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በነፍሳት ነው፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ቀይ እሳት ጉንዳን ደግሞ ነፍሳቱን ይጨርስባቸዋል። ጉንዳኑ በመድኃኒት በተቀነሰበት መሬት ላይ ነፍሳት በዝተዋል፣ በሕይወት የሚቆዩ ጫጩቶችም ጨምረዋል። ትልቁ ግኝት ይህ ይመስለኛል።

ጎርፉም አለ። በ2016 ጸደይ እናቶቹ በታቀፉበት ወቅት ውኃ መጣ። በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ መጠለያውን አጥለቀለቀው፣ በማግሥቱ ዓመት በዱር የተገኙት ከ20 በታች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው አገግሟል፣ ሆኖም ከእርባታ የሚመጡ ወፎች ካልተጨመሩ ራሱን የሚችል መንጋ ገና የለም።

ከሰሜን ዘመዶቿ ጋር ትዳቀል የሚሉ አሉ፣ አይሆንም የሚሉም አሉ። እኔ ግን የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። የቴክሳስ መሬት አብዛኛው የግል ይዞታ ነው፣ ስለዚህ መጠለያው ብቻውን የትም አያደርሳትም። በጎልያድ አካባቢ ከብት አርቢዎች ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ወፎቹ በግጦሽ መሬታቸው እንዲለቀቁ ፈቅደዋል፤ ስምምነቱም ወፏ መሬታቸው ላይ በመኖሯ ምክንያት አዲስ ገደብ እንዳይጣልባቸው ዋስትና ይሰጣቸዋል።