አፕዴቱ ገብቷል፤ ቀዳዳው ግን ተደፍኗል?

ደብረ ማርቆስ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። «የደኅንነት አፕዴቱን ከጫንኩ ሳምንት ሆነኝ። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም የድሮውን የከርነል ቁጥር ነው የሚያሳየኝ» አለ። ማሽኑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም። መብራት ካልጠፋ አይዘጋውም።

ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው። ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ማን ምን እንደሚፈቀድለት የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ይገባል፤ እስኪዘጋም እዚያው ነው። አፕዴቱ አዲሱን ከርነል ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ የሚሠራው አሮጌው ነው፣ ሰርጎ ገብ ከሚገባበት የደኅንነት ቀዳዳው ጋር። አዲስ ቆርቆሮ ገዝቶ ግድግዳ ላይ እንደማስደገፍ በለው፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ አይጠብቅህም። ስለዚህ ሪስታርት። ሳይዘጋ የሚለጠፍ «ላይቭ ፓች» የሚባል ነገር አለ፤ ግን ሁሉንም ቀዳዳ አይደፍንም።

ቁጥሩ ራሱም ያደናግራል። «ደርቲ ካው» የተባለው ቀዳዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲጋለጥ ከ2007 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲይዝ ያስችል ነበር፤ ቀላል ነገር አይደለም። ጥገናው ከርነል 4.8.3 ላይ ገባ። ግን ለቆየው የ4.4 ከርነልም 4.4.26 ሆኖ መጣ። ሊኑክስን አዘጋጅተው የሚያቀርቡት እነ ኡቡንቱና ዴቢያን ደግሞ ጥገናውን ወስደው በያዙት አሮጌ ከርነል ላይ ይጥፉታል። ስለዚህ ቁጥሩ አነሰ ብለህ አልተጠገነም አትበል፤ የአቅራቢውን የደኅንነት ማስታወቂያ እይ።

ጓደኛዬን «ሪስታርት አድርገው» አልኩት። «ደንበኛ ይውጣልኝ» አለ። ማታ የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ። ቁጥሩ ተቀይሯል።